ምራቂ የማታውቅ ማሽን

ያን ቅዳሜ ከሰዓት ላብ በላብ ሆኜ ነበር። የዳላስ ሙቀት እንዳይመስላችሁ... መኪናዬ ኤሲ አላት። ያላበኝ ከጎኔ በተቀመጡት በእትዬ አስካለ ምክንያት ነው።

እትዬ አስካለ የሰብለ እናት ናቸው። ሰብለ ደግሞ ላገባት የምሞትላት ልጅ። እናትየው ከአዲስ አበባ የመጡት ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው ይባል እንጂ፣ እኔን ሊመረምሩ እንደሆነ በዳላስ ዙሪያ ከሪቻርድሰን እስከ ሮውሌት ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። እሳቸው «ይሁን» ካላሉ የምልካቸው ሽማግሌዎች ደጅ ቆመው እንደሚቀሩ ሰብለ ቁርጡን ነግራኛለች። ከመጡ ጀምሮ ያሉኝ ነገር ቢኖር «ታክሲ ነው የምትነዳው?» ብቻ ነው። «አዎ» ስላቸው «እህ...» አሉ። ያቺ «እህ» እንቅልፍ ነሳችኝ።

ያን ቀን ሰብለ ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች እናቷን ገበያ የማድረስ ዕድል ለእኔ ደረሰኝ። ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ ማብቂያ ነው፤ ደንበኛው የዕቃውን ዋጋ ራሱ አስነብቦ፣ ራሱ ከፍሎ፣ ራሱ ከረጢት ውስጥ የሚከትበት ማሽን ገና ወደ ሱፐርማርኬት ብቅ ያለ ሰሞን። ገንዘብ ተቀባዮቹ ጋ ሰልፍ ነበር። ማሽኖቹ ጋ ግን ዝንብ የለም። ዝንብ ለምን እንደሌለ ቆም ብሎ ማሰብ ነበር... እኔ ግን አሜሪካን ምን ያህል እንደማውቃት ላሳያቸው ቸኩያለሁ።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ሻጭም ገዢም ራሳችን ነን» አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ።

«ሻጩ እኛ ነን?»

«አዎ!»

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ሽንኩርቱን አስመዘንኩ፣ ከረጢት ገባ። ዶሮዋን አስነበብኩ፣ ጢው አለች፣ ገባች። ሎሚዎቹን ቆጥሬ ቁጥሩን ነካሁ፣ እነሱም ገቡ። በልቤ «ሰብልዬ፣ ምነው ባየሽኝ!» እያልኩ ነው። እትዬ አስካለ ሲያዩኝ ቆዩና፣ እጃቸው ላይ ያስቀሯትን አንዲት ሎሚ ከረጢቱ ውስጥ ጣል አደረጓት።

ማሽኗ ቀይ መብራቷን ቦግ አድርጋ በእንግሊዝኛ ለፈለፈች። ያልተጠበቀ ዕቃ ከረጢት ውስጥ ገብቷል ነው የምትለው።

«ምን ትላለች?»

«ሎሚዋን አውጡ ነው የምትለው፣ እትዬ።»

«ምራቂ ነው እኮ!»

አትክልት ተራ ገብታችሁ የማታውቁ ካላችሁ... ምራቂ ማለት ሻጭ ሒሳቡን ከተቀበለ በኋላ ከላይ ጣል የሚያደርግላችሁ ነገር ነው። እትዬ አስካለ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያለ ምራቂ ሽንኩርት ገዝተው አያውቁም። ታዲያ ሻጩ እኛ ከሆንን፣ ምራቂውን ሌላ ማን ሊጨምር ነው?

ሎሚዋን አወጣኋት። ማሽኗ «ዕቃውን ወደ ከረጢቱ መልስ» አለችኝ። መለስኳት። «ያልተጠበቀ ዕቃ» አለችኝ። ሳላገባት እንዲህ የነዘነዘችኝ ሴት አይቼ አላውቅም። ሰልፉ ላይ ያሉት ሰዎች አንገታቸውን እያስረዘሙ ያዩናል፤ ወደ ማሽኖቹ ሊመጣ የነበረ አንዱማ ጋሪውን አዙሮ ሄደ። እፍረት ጆሮዬን አጋለው።

«እትዬ፣ በእግዚአብሔር... ሌባ ያደርጉናል!»

«ሌባማ እሷ ናት! ሰው በነፃ አሠርታ ምራቂ የምትከለክል!»

በዚህ መሃል የማሽኖቹ ተቆጣጣሪ መጣች። ቀይ ፀጉር ያላት ግዙፍ ቴክሳሳዊት ናት።

«የኔ ማር፣ ምንድን ነው ችግሩ?» አለችኝ ሎሚዋን እያየች።

«ይቅርታ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አልገባቸውም» ብዬ መገላገል እችል ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል። ቀና ስል እትዬ አስካለ ትክ ብለው ያዩኛል። እንግሊዝኛ አያውቁም፣ ፊት ግን ያነባሉ... በቃ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም።

«ችግሩ የእናንተ ነው!» አልኳት። «በእኛ አገር የሚመዝን ሰው ይጨምራል። የመዘንኩት እኔ፣ ያስነበብኩት እኔ፣ ከረጢት ውስጥ የከተትኩት እኔ! አንድ ሎሚ ብንጨምር ምን አለበት? እሳቸው እዚህ የቆሙት በመብታቸው ነው!»

ድምፄ ሥጋ መሸጫው ድረስ ተሰማ መሰለኝ። ሥጋ ቆራጩ ቢላዋውን እንደያዘ ብቅ አለ። አሁን ፖሊስ ይጠራል ብዬ ፈራሁ።

ተቆጣጣሪዋ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እትዬ አስካለን አየች።

«እኔም ይቺን ማሽን አልወዳትም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ነገ ሥራዬን የምትቀማኝ እሷ ናት።» ቁልፏን አውጥታ ማሽኗን ዝም አሰኘቻትና ሎሚዋን በገዛ እጇ ከረጢት ውስጥ ከተተቻት።

እትዬ አስካለ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «እደጊ፣ የእኔ ልጅ» አሏት። ሴትዮዋ ሃምሳ ዓመት ይሆናታል።

ወደ ሰብለ ቤት፣ ወደ ሮውሌት ነዳሁ። ሐይቁን ስናልፍ «እዚህ ዓሣ ይጠመዳል» ብዬ ጨዋታ ልጀምር ሞከርኩ፣ ወይ ፍንክች። አለቀልኝ አልኩ። ሱቅ ውስጥ ሴት ላይ ለሚጮህ ሰው ማን ልጁን ይሰጣል?

ቤት እንደገባን ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሰብለ ሥራ ቦታ ደወሉ። እኔ ወጥ ቤት ከረጢቶቹን እያስቀመጥኩ ነው... ማለቴ፣ ጆሮዬን አቁሜ።

«ስሚ፣ ሰብለ» አሉ። «ልጁ እንዳወራሽለት መልከ መልካም አይደለም። ታክሲውም አልተዋጠልኝም። ግን ፈረንጅ ፊት አላፈረብኝም። ለአንዲት ሎሚ እንዲያ ከጮኸ አንቺን ለማንም አሳልፎ አይሰጥም። ሽማግሌዎቹ ይምጡ።»

የያዝኩት እንቁላል ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

ሌላው ወንድ በጥምቀት ሎሚ ወርውሮ ሚስት ያገኛል... እኔ በሎሚ ከማሽን ጋር ተጣልቼ።