በኢዳዬ የተነዱት ፍየሎች

ከባሌ ታናሽ ወንድም ጋር ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። ሰው ሐዘኑ አምርሯት ነው ይላል። ሐዘኑስ አለ። ያኮረፍኩት ግን በስድስት ፍየሎች ነው።

ባሌ ፍየሎቹን በሰው ሰራሽ መንገድ ለማስዳቀል ከጎረቤቱ ሁሉ ቀድሞ ተመዘገበ። ሰንበቴ ገበያ ያየው የተሻሻለ ዘር ዓይኑን ይዞት ነበር። ባለሙያው መጥቶ፣ ስድስቱም በአንድ ጊዜ አውራ እንዲፈልጉ መድኃኒት የያዘ ስፖንጅ በየብልታቸው አስገባ። ቀንዳቸውን የያዘለት ባሌ ነበር። በሳምንቱ ሞተ።

ለቀስተኛው ሳይበተን ስፖንጁ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ባለሙያው በር ላይ ቆሞ ሲያመነታ ግባ አልኩት።

«የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ፍየል ልታስጠቂ ነው?» አለ ዋርሳዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ያስጀመረው ወንድምህ ነው» አልኩት።

ባለሙያው ስፖንጁን አውጥቶ መርፌ ወጋቸው። «እናቴ፣ ከነገ ወዲያ ዘሩን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ከበረት አይውጡ፤ አውራ እንዳይደርስባቸው» ብሎኝ ሄደ።

እኔ ኢዳ ላይ፣ ባል የሞተባት ሴት ቤት የምትቀመጥበት ጊዜ ላይ ነበርኩ። አራት ወር ከአስር ቀን ሳይሞላ ከግቢ ወጥቼ ሣር አላጭድም። የማሽላ አገዳ እንዲያመጣልኝ ዋርሳዬን ለመንኩት፤ እሺ አለ። በማግስቱ ዙሁር ሰግጄ ስወጣ በረቱ ባዶ ነው። ከአጥሩ ማዶ ወደ ቦርከና ወንዝ እየነዳቸው ነበር። መሃላቸው የራሱ አውራ አለ፤ ባሌ ሁለቴ ከበረታችን ያባረረው ያ ድንክ። ተጣራሁ። ሰምቶኛል፤ አልዞረም። እግሬን ከአጥሩ አላሻገርኩም። ዛሬም የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው፤ ኢዳዬን እንደማልጥስ አውቆ ነው የነዳቸው።

ሲመለስ፣ «ተርበው ሲጮሁ ምን ላድርግ፣ እታለም?» አለኝ። «ደግሞስ ደህና አውራ እያለ በቱቦ የመጣ ዘር ምን ይሠራል?»

ባለሙያው በቀጠሮው መጥቶ አንድ በአንድ አያቸው። «አውራ ደርሶባቸዋል፤ ተጠቅተዋል» አለና ዕቃውን ሳይከፍት ተመለሰ። ባሌ የተመኘው ዘር በዚያው ቀረ።

አምስት ወር ቆይቶ ግልገሎቹ ተወለዱ፤ ቁርጥ ያንን ድንክ። ዋርሳዬ ደስ ብሎት መጣ።

«የአውራዬ ልጆች ናቸው። ሁለቱን ልውሰድ» አለ።

«አባታቸው ከሆነ እሱ ያጥባቸው» አልኩት።

አጥር ላይ የነበረች ጎረቤት ሳቀች። እሱ የተቀየመው ግን እሷን ሳይሆን እኔን ነው።

ግልገሎቹ አልበደሉኝም፤ አሳደግኳቸው። እሱ ግን ለዒድ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮብኛል። ሽማግሌዎቹን አስቀምጬ አበላሁ፤ በሩን ለእሱ አልከፈትኩም።