የዳማ ገብስና የአያ ደሳለኝ ተረት

ልጅ ሳለሁ በፈረስ ምክንያት ቅናት ገብቶብኝ ያውቃል። ነገሩ ዛሬ ሲወራ ያስቃል፤ ያኔ ግን አላሳቀኝም።

ባጃጅ ሰፈሩን ሳይሞላው በፊት አባቴ ፀዳ ከተማ ላይ የፈረስ ጋሪ ነበረው። ጋሪውን የምትጎትተው ባዝራ ቀለሟ ዳማ ስለነበር ስሟንም ዳማ አልናት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከሩቅ ድምፄን ሰምታ ታሽካካ ነበር፤ ለሌላ ሰው እንዲያ ስታደርግ አይቼ አላውቅም። አንድ በጋ ታመመችና ጎድኗ እስኪቆጠር ከሳች፤ አባቴ ፉርሽካ ቢያቀርብላት አሽትታ ትተወው ጀመር። ክረምቱ ሲገባ ከዳባት በላይ ደጋው ላይ ወዳሉት አጎቱ፣ ወደ አያ ደሳለኝ ቤት፣ እንድታገግም ወሰዳት። ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር እኔም አልቅሼ አብሬያት ሄድሁ።

በዚያ ብርድ ሰውና ከብት የሚያድሩት በአንድ ጣራ ሥር ነው፤ እኛ ከምድጃው ዙሪያ፣ ዳማ ደግሞ ቤቱን ከሚከፍለው የአጠና ግርግዳ ወዲያ ጋጣው ውስጥ። የከሳ ፈረስ ገብስ በአንዴ ካገኘ ይሰለቅጠውና ሆዱ ተነፍቶ ይሞታል ይሉ ነበር አያ ደሳለኝ። ስለዚህ ማታ ማታ የተነከረውን ገብስ በገበቴ ያስቀርቡና ተረት ይጀምራሉ። ትንሽ ተርከው ቆም ሲሉ የልጅ ልጃቸው ውባለም ለዳማ አንድ እፍኝ ትሰጣታለች፤ ዳማ አላምጣ እስክትውጥ እሳቸው ይቀጥላሉ፤ ከዚያ ሌላ እፍኝ። ገብሱ ሲያልቅ ተረቱም የትም ይድረስ የት እዚያው ይቆማል።

ያኔ በፀሐይ የሚሞላው መብራት በደመናው ምክንያት ቶሎ ይደክምና የኩበቱ ፍም ብቻ ይቀራል፤ እኔ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ የማየው የውባለምን እጅና የዳማን ከንፈር ነበር። እፍኙን እኔ ልስጣት ብዬ ብለምን፣ እስክታገግም የአንድ ሰው እጅ ብቻ ትልመድ ብለው ከለከሉኝ። እጁ ታዲያ ምነው የኔ አልሆነ? ውባለም እኩያዬ ናት፤ ዳማን ካወቀቻት ገና መንፈቅ እንኳ አልሞላትም፤ ባየኋት ቁጥር ውስጤ ቅጥል ይላል። የዳማ ጎን እየሞላ፣ ጠጉሯ እያብረቀረቀ ሲሄድ ሁሉም ደስ አለው፤ እኔ ግን የምትወፍረው በሌላ ሰው እጅ ስለሆነ መክሳቷን እስከ መናፈቅ ደረስሁ። አንድ ጧት የውባለምን ድምፅ ሰምታ ስታሽካካ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስሁ።

አባቴ ሊወስደን በመጣ ዕለት ማታ አያ ደሳለኝ አዲስ ተረት ጀመሩ። ነብር ዝንጉርጉር ካባውን ለጦጣ ለሰርጓ አዋሳት፤ እሷም ዝናብ ሳይጥል ልትመልስለት ማለች። ጭፈራው ደምቆ፣ ጦጣዋ በካባው እየተንጎራደደች ሳለ ሰማዩ ጠቆረ፤ በሩም ተንኳኳ። ገብሱ እዚህ ላይ አለቀ።

«ከዚያስ፣ አያ?» አልሁ።

«በላች እኮ፣ ልጄ» አሉና ሊተኙ ተነሡ።

«የሚተርኩት ለሷ ብቻ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ለማን መስሎሽ ኖሯል?»

አባቴና ውባለም ሳቁ። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ።

በማግስቱ የዳማን ገመድ ስስብ ያለ ማንገራገር ተከተለችኝ። ውባለም ከአጥሩ በር ቆማ ስሟን ጠራቻት፤ ዳማ ጆሮዋን እንኳ አላዞረችም። እኔ ግን ዞሬ አየሁና ፊቷን ለየሁት፤ ክረምቱን ሙሉ እኔ ይዤው የከረምሁት ፊት ነው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ቁልቁለቱን እየዘፈንሁ ወረድሁ።

ዛሬ ጋሪውም የለም፤ ዳማም እኛው ቤት አርጅታ ሞተች። የጦጣዋን ተረት ለልጆቼ ስነግር በሩ እስኪንኳኳ ድረስ በአያ ደሳለኝ አነጋገር እወርደዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ከራሴ ፈጥሬ ነው የምጨርሰው። ልጆቼ ይስቃሉ፤ እኔን ግን ያንገበግበኛል። ፈረሷን እኔ ይዤ ሄድሁ፤ በማግስቱ ማታ፣ ጋጣው ባዶ ሆኖ ገብስ የሚሰጠው ሲጠፋ፣ ሽማግሌው ተረቱን ለማን ጨረሱት? ለውባለም ነዋ።