የሚኤሶው ማርሽና የጋሽ ሙሜ ዘይት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ጭሮ ባለው የጥገና ክፍል አለቃዬ የነበሩት ጋሽ ታደሰ ጥርስ ለጥርስ የተያያዙ ሁለት ማርሾች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። የኤሌክትሪክ መለኪያቸውን አንዱን ሽቦ ባንደኛው፣ ሌላውን በሁለተኛው አስነኩና ማርሾቹን በእጃቸው ቀስ ብለው አዞሩ። መለኪያው ጮኸ። ከዚያ ዘይት ቀብተው በሞተር በፍጥነት ሲያዞሯቸው ዝም አለ።

«ምን ገባሽ?» አሉኝ።

«ተበላሸ?»

«አንቺ ነሽ የተበላሸሽው! ዘይቱ መሃል ገብቶ ብረቱን ከብረት ለየው። ዘይት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መለኪያው ሲጮህ ግን ብረት ብረትን እየበላ ነው ማለት ነው።»

ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ ይኸው ሆነ። ከመሰላ ወፍጮ እስከ ቦርደዴ ፓምፕ እየዞርኩ ዓይን የማያየውን የዘይት ሽፋን በኤሌክትሪክ ስለካ ኖርኩ። «ዘይት ለማየት ሽቦ ምን ያደርግላታል?» እያሉ የሚስቁብኝ ሞልተዋል። ይሳቁ።

የማልረሳው የሚኤሶውን ነው። ድርቅ ነበር። ውሃውን ወደ ከተማው የሚገፋው ፓምፕ ማርሹ ተበልቶ ተቀየረ፤ አዲሱም ወዲያው መበላት ጀመረ። ፓምፑን የሚያንቀሳቅሱት ጋሽ ሙሜ ናቸው። ጥሩውን ዘይት ሸጠው የተቃጠለ ዘይት ሞሉበት ተብለው ተከሰሱ። ስደርስ የውሃ አገልግሎቱ ሥራ አስኪያጅ ፖሊስ ጠርቶ እየጠበቀ ነበር።

«ወላሂ ጠብታ አልነካሁም፣ እህቴ» አሉኝ ጋሽ ሙሜ። ከአጥሩ ውጭ ጀሪካን ይዞ የተሰለፈው ሕዝብ በአማርኛ «ሌባ!»፣ በኦሮምኛ «ሃቱ!» እያለ ይጮኻል።

«ፖሊሱ እስኪመጣ ልለካ» አልኩት ሥራ አስኪያጁን።

«ምኑን ይለካሉ? የታወቀ ነገር እኮ ነው!»

የማርሹን ክዳን ከፈትኩ። የጥርሶቹ ፊት ደብዝዞ በመርፌ የተወጋ ይመስላል። መጥፎ ዘይት ብረት ይፍቃል እንጂ እንዲህ አይወጋም። ያለውን ዘይት አስቀዳሁና ካልተከፈተ ጣሳ አዲስ ዘይት ራሴ ሞላሁ። ከመኪና ሞተር ማስነሻ የወጣ፣ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ካርቦን የሚሽከረከረው ዘንግ ላይ አስደግፌ፣ ሌላውን ሽቦ ከፓምፑ አካል ጋር አገናኘሁና የኤሌክትሪኩን መውጣትና መውረድ በመስመር የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ ከፈትኩ።

«ያስነሱት!»

ጋሽ ሙሜ አስነሱት። በመሣሪያው መስታወት ላይ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣና ድንገት ዘጭ ይላል፤ ይወጣል፣ ዘጭ ይላል። እያንዳንዷ ዘጭታ ዘይቱን በስታ የወጣች ብልጭታ ናት። በአዲሱ ዘይትም ያው! ኤሌክትሪኩ ከሞተሩ ተነስቶ በማርሹ ጥርስ በኩል ወደ ውሃው ቧንቧ ይሄዳል። ትርፉን ወደ መሬት የሚያወርድለት ሽቦ እያለ ለምን በዚህ ያልፋል?

«ጋሽ ሙሜ፣ የመሬቱ ሽቦ የት ነው?»

ፊታቸው በራ። የሚያውቁት ነገር ተጠየቁ። ከቤቱ ጀርባ ወስደው አሳዩኝ። መሬት ውስጥ ጠልቆ ከተቀበረ ብረት ጋር መታሰር የነበረበት የሽቦው ጫፍ ደረቅ አፈር ላይ ተጋድሟል፤ ድንጋይ ተጭኖበታል፤ ዙሪያው ተጠርጓል።

«ሞተሩን የተከሉት ሰዎች ‹ይሄን መሬት አስይዘው› ብለውኝ ሄዱ። ይኸው አስያዝኩ። ነፋስ እንዳያነሳው ድንጋይ ጨመርኩበት።»

ከሌብነቱ ነፃ ያወጣኋቸው ሰውዬ በገዛ አፋቸው ሌላ ገመድ አንገታቸው ላይ አስገቡ። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ቆሞ ሰምቷል።

«ታዲያ ማሽኑን የፈጀው እሱ ራሱ ነዋ!»

«ቆይ እስቲ! መጀመሪያ ይዩ!» ብዬ ፓምፑን አስቆምኩ። ወፍራም የመዳብ ሽቦ ከሞተሩ አካል ወደ ቧንቧው በቡሎን አሰርኩና እንደገና አስነሳን። ኤሌክትሪኩ ማርሹን ትቶ በሽቦው ሄደ፤ መስመሩ ጸጥ ብሎ ተኛ። ዘጭታ የለም።

«አሁን ይንገሩኝ» አልኩት። «እርስዎም የኤሌክትሪክ ሰው አይደሉም። ‹ሽቦውን መሬት አስይዝ› ብሎዎት አንዱ ቢሄድ ምን ያደርጉ ነበር?»

ሽቦውን አየ፤ ድንጋዩን አየ።

«እኔ ድንጋዩንም አልጭንበትም ነበር» አለ።

ፖሊሱን በስልክ አስቀርቶ ወደ በሩ ሄደ። ለሕዝቡ በአማርኛ «ሌባ የለም! የተበላሸው በኤሌክትሪክ ነው!» ሲል ጋሽ ሙሜ ሮጠው ክንዱን ያዙት።

«በኦሮምኛም ይንገሩልኝ» አሉት። «ልጆቼ ሰልፉ ላይ ናቸው።»

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ሰው ከመክሰሳችሁ በፊት ለኩ። የመሬት ሽቦ ደግሞ በአፍ አይታዘዝም፤ በእጃችሁ እሰሩት፣ ከእናንተ ለሚረከብ ሰው በሚገባው ቋንቋ አሳዩት፣ ከዚያ ሂዱ።