ከመታጠፊያው የሚሳፈሩት

የልጄ ጠባቂ እኔው ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር፣ አረብ ሀገር ካልሄድኩ ሞቼ እገኛለሁ ብላ አስጨነቀችኝ፤ እኔ ደግሞ በቁሜ አይሆንም አልኳት። ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነኝ። ከእኛ አካባቢ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው ሁሉ በእኔ መስኮት ያልፋል። ስለዚህ የት አባሽ ታመልጪኛለሽ እያልኩ እኩራራባት ነበር። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

መናኸሪያ ማለቴም ለማጋነን ነው። አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ ጥላ የሌለው አግዳሚ ወንበርና በሽቦ የታጠረ ሜዳ ናት። አውቶቡሱ ከመካነ ሰላም ተነስቶ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ለእኛ ሰው የተወሰነ ወንበር ይተዋል። እኔ ስም ጽፌ ትኬት እቆርጣለሁ፤ ስንት ሰው እንደሚጭንም በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ለሾፌሩ እሰጠዋለሁ። ከዚያ በኋላም ግን አውቶቡሱ ዝም ብሎ አይነሳም። በራችን ላይ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሼህ አሉ። ሰዉ ቦታ ቦታውን ሲይዝ ከዘራቸውን ተደግፈው ደረጃው ላይ ይወጡና፣ ቤተሰቡን ሳይሰናበት፣ ሳይመረቅ የወጣ ካለ ይውረድ ይላሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም ጸጥ ይላል። ተደብቆ የወጣ ካለ ፊቱ ያሳብቅበታል፤ ብዙዎቹ ማንም ሳይነካቸው ራሳቸው ይወርዳሉ። ከዚያ ዱአ ይደረጋል፣ ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል፣ ሾፌሩ ሞተሩን ያስነሳል። እኛ ዘንድ የመንገድ ወጉ ይሄ ነው።

እኔ ራሴ አረብ ሀገር ስድስት ዓመት ኖሬ የተመለስኩ ነኝ። ግራ ጆሮዬ አይሰማም፤ የቤቱ እመቤት በብረት ጭልፋ መትታኝ ነው። ለልጄ ግን ብርድ መቶኝ ነው ያልኳት። ምን ብዬ ልንገራት? አፈርኩ። እሷ የምታየው የሠራሁትን ቤትና ያመጣሁትን ብርድ ልብስ ነው። አንቺ ሄደሽ አልፎልሽ እኔን ለምን ትከለክይኛለሽ ስትለኝ እቆጣት ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሲያበቃ፣ አንድ ደላላ መመላለስ ጀመረ። በመስኮቴ ጎንበስ ብሎ ሁለት ሦስት ወንበር ይገዛና፣ ሰዎቹ ከመናኸሪያው ሳይሆን ወረድ ብሎ ባሕር ዛፉ ጋ ካለው መታጠፊያ እንደሚሳፈሩ ይነግረኛል። ስማቸውን ስጠይቀው ግዴለም፣ ቁጥሩን ብቻ ጻፊ ይለኛል። መጀመሪያ ለሰርግ የሚሄዱ ናቸው አለኝ። በየሳምንቱ ሰርግ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነ እንጂ፣ ከሼሁ ጥያቄ የሚሸሹ፣ ከእናታቸው ጓዳ ሾልከው የወጡ ልጆች መሆናቸው ገብቶኛል። ሳንቲም አልበላሁበትም፤ ወላሂ አልበላሁም። እኔ ብከለክል በጭነት መኪና መሄዳቸው አይቀርም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ፣ የእኔ ልጅ እስካልሆነች ድረስ ምን አገባኝ ብያለሁ።

አንድ ቀን ከከላላ በኩል በበቅሎ የመጣች እናት፣ ጠይም፣ ቀጠን ያለች ልጅ አይተሻል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከዚህ አልተሳፈረችም አልኳት። ውሸት አልነበረም። ከደሴ የሚመለሰውን አውቶቡስ አግዳሚው ላይ ሆና ጠበቀች፤ ሰዉ ወርዶ ሲያልቅ በቅሎዋን ፈትታ ሄደች። ደላላው ሲመጣ ግን ደግሜ ጻፍኩለት።

የገበያ ቀን ነበር። ልጄ ከእኔ ቀድማ ተነስታ ቁርስ አቅርባ ጠበቀችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ተኳርፈን ስለነበር ደስ አለኝ፣ አሁንስ ልብ ገዛች አልኩ። ጫማዬን ሁሉ ጠርጋ አስቀምጣልኛለች። ልወጣ ስል ሻርፔን አስተካከለችልኝና በግራ ጆሮዬ በኩል አንድ ነገር አለችኝ። ምን አልሽ ስላት ፈገግ ብላ፣ ምንም፣ ብርድ ነው ተሸፈኚ አለችኝ።

ጉሙ ከሜዳው አልተነሳም፤ ከሽቦው ወዲያ ሰው አይታይም። ደላላው መጣና ዓይኔን ሳያይ አምስት ወንበር አለ። ከሦስት በልጦ አያውቅም ነበር። ሁልጊዜ አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰውዬ ያን ቀን እትዬ አለኝ፤ ደስ አላለኝም። ቢሆንም “ከመታጠፊያው አምስት” ብዬ ጽፌ ለሾፌሩ ሰጠሁት። ሼሁ ደረጃው ላይ ወጥተው እንደ ወትሮው ጠየቁ። የወረደ የለም። ዱአውን ግን አልጀመሩም። ከኋላ ያሉትን ባዶ ወንበሮች ሲያዩ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጄ፣ እነዚህ የማን ናቸው?”

“መንገድ ላይ የሚሳፈሩ አሉ፣ አባባ።”

“መራቂ አላቸው?”

“አላቸው” አልኳቸው። በሽማግሌ ፊት ዋሸሁ። ዱአውን አደረጉ፤ ድምፃቸው ግን ቀዝቅዞ ነበር፣ አሚን ያለውም ሰው ጥቂት ነው። አውቶቡሱ ጉሙ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ መታጠፊያው ጋ ሲቆም ሰማሁ። ቶሎ አልተነሳም።

ስድስት ሰዓት ላይ ቤት ስገባ ወለሉ ተጠርጓል፣ ውሃ ተቀድቷል፣ ምሳዬ ተከድኖ ተቀምጧል። ልጄ የለችም። ገበያ ሄዳ ይሆናል ብዬ እጄን ታጥቤ ቀረብኩ። ከዚያ ልብሷን የምትሰቅልበትን ሚስማር አየሁት፤ ባዶ ነው። ስልኳ ዝግ ነው። ጎረቤቴ ዘንድ ሮጬ ብሄድ፣ ጠዋት ከአራት ልጆች ጋር ወደ ባሕር ዛፉ ስትወርድ አይቻታለሁ፣ አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነው አለችኝ።

ለሾፌሩ ደወልኩለት። ደሴ ደርሷል። ልጆቹ ከተማው ሳይገቡ ወርደው ሌላ መኪና እንደወሰዳቸው ነገረኝ። ጮህኩበት። ልጄን ታውቃታለህ፣ ቤቴ ገብተህ እንጀራዬን በልተሃል፣ እንዴት አንድ ስልክ ትነፍገኛለህ አልኩት። የአፌን ሁሉ ደፋሁበት። ሳይቆጣ መለሰልኝ።

“እህቴ፣ ሁሉም እስከ ዓይናቸው ተሸፋፍነው ነበር፤ ፊታቸውን አላየሁም። አንቺ አምስት ብለሽ ጻፍሽልኝ፣ አምስት ጫንኩ።”