ዳፈንሽ ወይስ አጠፋሽ?

እትዬ ብዙነሽ አረፉ ይሉኛል። የቷ ብዙነሽ? የኛዋ? ትናንት አመሻሽ ላይ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ሻይ ቤቴ በር ላይ ቆመው የተቆጡኝ ሴት ዛሬ የሉም?

ድንኳኑ ሲተከል በዓይኔ አይቻለሁ። አሁንም አላምንም።

ሸዋ ሮቢት ኖራችሁ ለማታውቁ ወዳጆቼ ልንገራችሁ። እትዬ ብዙነሽ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው። በጋው ከርሮ ንፋሱ ሲነሳ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል በየበሩ ይዞራሉ። እንደምን ዋልሽ የለ፣ ደህና አመሸሽ የለ። "ዳፈንሽ ወይስ አጠፋሽ?" በቃ።

ባጃጅ ነጂዎቹ "የእሳት ትራፊክ" ይሏቸው ነበር። እሳቸውም "እኔ አልቀጣም፣ ንፋሱ ይቀጣችኋል" ብለው ያልፋሉ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። እኛ ዘንድ ፍሟን አመድ አልብሳ ዳፍና፣ ጠዋት ቆስቁሳ የምታነድ ሴት ባለሙያ ነች። እሳቷ ጠፍቶባት ጎረቤት እሳት ልትጭር የሄደች ግን ትታማለች። ክብሪት በየሱቁ ሞልቶ እንኳ ሐሜቱ አልቀረም። እትዬ ብዙነሽ የተጋፈጡት ይህንን ሙያ ነው።

"በክረምት ዳፍኚ፣ ማን ከለከለሽ! በንፋስ ወር ግን አጥፊ። የተዳፈነ አልጠፋም!"

አንድ የካቲት ከጓሮዬ በኩል ያለችው አዲስ ሙሽራ፣ ዳፍና ያሳደረችውን አመድ "በርዷል" ብላ ከማሽላ አገዳ ክምር ስር ደፋችው። ላይ ላዩ በርዷል፣ ውስጡ ፍም ነው። ንፋሱ ገለጠው። መጀመሪያ ክምሩ፣ ቀጥሎ የአገዳው አጥር፣ ከዚያ ማድ ቤቱ ተያያዘ። ቧንቧው እንደ ልማዱ ደርቋል፤ ሰው ባዶ ጀሪካን ይዞ ይተራመሳል። እትዬ ብዙነሽ ቀሚሳቸውን ሰብስበው "ውሃ እስኪመጣ ቤቱ አይጠብቃችሁም! አሸዋ!" አሉና ለግንባታ ከተከመረው አሸዋ በሳፋ ይዝቁ ጀመር። ተከተልናቸው። ማድ ቤቱ ሄደ፣ ቤቱ ተረፈ።

ሙሽራዋ ስትንሰቀሰቅ አቅፈው "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሙያሽ ነው ያቃጠለሽ" አሏት። እያለቀሰች ሳቀች።

ዛሬስ? እያለቀስኩ ለቅሶ ቤት ደረስኩ። ወደ ጓሮ ዞር ብል፣ ለለቀስተኛ ንፍሮ የሚቀቅሉት ሴቶች ጉልቻውን የተከሉት የት መሰላችሁ? ከጎረቤቱ የአገዳ አጥር ስር! ንፋሱ ድንኳኑን ያርገበግበዋል። አንዷ ደግሞ አመዱን በአካፋ ዝቃ እዚያው አጥሩ ስር ልትደፋ ነው።

"ዳፈንሽ ወይስ አጠፋሽ?" ብዬ ጮህኩ።

ድምፄ ከለቅሶው በላይ ወጣ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

አንድ የእድር ሽማግሌ መጥተው "አንቺ ልጅ፣ ሬሳ ሳይወጣ የምን ጩኸት ነው? ነውር አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ያስጮሁኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ቢነሱ መጀመሪያ የሚቆጡት እርስዎን ነው" አልኳቸው።

ለትልቅ ሰው እንዲህ አይመለስም፣ አውቃለሁ። ግን አላፈርኩም። ጉልቻው ካልተነሳ ከዚህ አልነቃነቅም አልኩ። ሁሉም ቆሞ ያየኛል። ያኔ ማን መጣ? ያቺው ሙሽራ፣ ዛሬ የልጆች እናት። ውሃ በጆግ አምጥታ አካፋው ላይ ያለው አመድ ላይ አፈሰሰችበት።

አመዱ ጭስስስ አለ።

ሽማግሌው ሰሙት። "ጉልቻውን አንሱ፤ ድንኳኑንም ከአጥሩ ፈቀቅ አድርጉት" አሉ።

እንግዲህ የሰፈሬ ሰዎች፣ ስሙኝ። ከነገ ጀምሮ አመሻሽ ላይ በራችሁ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ተሳደቡ፣ ቅጽል ስም አውጡልኝ። "እሳቷ የጠፋባት" በሉኝ ከፈለጋችሁ። አዎ ጠፍቶብኛል፤ በውሃ ያጠፋሁት ራሴ ነኝ። ክብሪት ገዝቻለሁ። የማድ ቤታችሁን አመድ ውሃ ሳታጠጡ ወደ አገዳ ብታስጠጉ ግን አለቅላችሁም፣ እንኳን በአዘቦት፣ በሰርጋችሁም ቀን እጮሃለሁ።

እትዬ ብዙነሽ፣ ትናንት ሲጠይቁኝ "አጠፋለሁ፣ ይሂዱ እንጂ" ብዬ ነበር የሸኘሁዎት። የመጨረሻችን መሆኑን ባውቅ ኖሮ ሻይ ቀድቼ ደጋግመው እንዲቆጡኝ አደርግ ነበር። አጥፍቻለሁ፣ እትዬ። ምድጃዬ ቀዝቅዟል። ሳይሰጉ ይሂዱ።

ከሰዓት በኋላ አፈር ሊያለብሱዎት ነው። ያልብሱዎት። የተዳፈነ አልጠፋም።