ድምፁን ጨምሪልኝ

ሰፈሩ በሙሉ «ኩሩው» ነው የሚለው። የላሜራ በር ይሠራል፣ አሸንዳ ያጥፋል፣ የውሃ በርሜል ይበይዳል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከመዶሻና ብረት ከሚቆርጠው ፍሌክስ ጋር አንድ ሥራ ቤት ውስጥ ኖሯል። ሥራው ላይ እንከን የሚያወጣለት የለም፤ እሱ የሰቀለው በር ሲዘጋ ልክ ነው። ጠባዩ ላይ ግን አፍ ይበዛበታል። ደህና አደርክ ቢሉት ዝም፣ ከኋላው ቢጠሩት ዝም፣ ዋጋ ቀንስልኝ ቢሉትማ የባሰ ዝም። ደንበኛው ብቻውን ተከራክሮ ተከራክሮ ሲደክመው በተባለው ዋጋ ተስማምቶ ይሄዳል። «ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ይሄ ሁሉ ኩራት ከየት መጣ?» ይላል ጎረቤቱ። ይሄን የምተርክላችሁም ብያለሁ፣ ምን ይደበቃል።

ለካስ ሰውዬው አይሰማም ነበር።

አንድ ቀን ድንገት አልደነቆረም። እንደዚያማ ቢሆን ሰው ያዝንለት ነበር። ጆሮው የሄደው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ነው፤ መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ሄደ፣ ቀጥሎ ብርጭቆ ውስጥ የሚዞረው የሻይ ማንኪያ፣ ቀጥሎ ቀጫጭኑ የሴትና የሕፃን ድምፅ። የቀረለት ጉርምርምታው ነው። ድምፅ ይመጣል፣ ቃሉ አይመጣም። ሰው ሲያናግረው የሚገባው አፉን እያየ ነበር፤ አፉን ካላየ አለቀ።

ይሄን የምታውቅ አንድ ሚስቱ ብቻ ነበረች። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ግድም አስምሏታል። አፈር ስሆን ለማንም እንዳትናገሪ፣ የፍሌክስ ጩኸት የማይሰማ ሰው መሆኔ ከታወቀ ማን ያሠራኛል፣ ነገ ጣቱን ይቆርጣል ብለው ይሸሹኛል አላት። ማለች። ለባዳ አልናገርም አለች። ከዚያች ቀን ወዲህ ከኋላው ሆና አንዲት ቃል ተናግራው አታውቅም። ትመጣለች፣ ትከሻውን ነካ ታደርገዋለች፣ ከፊቱ ትቆማለች፣ ፊቷን ብርሃን ወዳለበት ትመልሳለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ትናገራለች። አትጮህበትም። ሰው በመጣ ጊዜም ከጎኑ አትጠፋም፤ ደንበኛው ያለውን ሁሉ ወደሱ ዞራ «ሰማህ፣ በሩን ለቅዳሜ ይፈልጉታል» እያለች ትደግምለታለች። ሰዉም «አፉ እኮ እሷ ናት» እያለ ይቀልዳል። ጆሮው መሆኗን ግን ማንም አላወቀም።

ይህች ሴት ታመመች፣ ሆስፒታል ገባች፣ ሞተች። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ ይባላል፤ እሱ ቀበረም ነበረም፣ መናገር ግን አልቻለበትም። ከዚያ በኋላ ትከሻውን የሚነካው ጠፋ። ሰው እንደ ድሮው ከኋላው ያወራል፣ ከጎኑ ያወራል፣ አንገቱን ደፍቶ ያወራል። ቤቱ ሲገባ የእሷ ነጠላ ጫማ በሩ ሥር አለ፣ የምትቆምበት የመስኮቱ ጥግ አለ፤ እሷ የለችም። መስኮቱ ሥር ማንም ሳይኖር ዐይኑን ጥሎ ይቀመጥ ጀመር።

በሰባተኛው ሳምንት አንድ ደንበኛ የበር ፎቶ አሳየኝ ብሎት ስልኩን ሲነካካ የማያውቀው ነገር ላይ ዐረፈ። ስልኩን ከዓመታት በፊት የገዛችለት ልጁ ናት፤ እሱ ግን ከፎቶ በቀር ሌላ አይነካም። የሚስቱ ትንሽ ምስል፣ ከጎኗ አረንጓዴ ነጥብ፣ ከሥሯ የድምፅ መልእክት። አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ። ቀኑን አየ። ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰባት ሴቶች በተኙበት ክፍል ውስጥ ሆና የላከችው ነው።

ደንበኛውን ነገ ና ብሎ ሸኘው። በሩን ከውስጥ ቀረቀረ። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈና ተጫነ። ሽሽሽ የሚል ነገር አለ፤ ትንፋሽ ይሁን ነፋስ አይለይም። ሌላ ምንም። የጎኑን ቁልፍ ደጋግሞ ተጫነ። አሁን ስልኩ ራሱ አሾፈበት፤ «ከፍተኛ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ማዳመጥ የመስማት ችሎታዎን ሊጎዳ ይችላል» የሚል ጽሑፍ አወጣና እሺ ወይስ ይቅር ብሎ ጠየቀው። እሺ የሚለውን ተጫነ። ካለ አይደል የሚጎዳው! የድምፁ መጠን መስመር ጫፉ ድረስ ሞላ፤ ድምፁ ያው ሽሽሽ ነው።

ሰውዬው ባለሙያ ነውና ወደ ሙያው ሄደ። ቀጭን ላሜራ ቆርጦ ጠቀለለ፤ አንዱ አፉ ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ የሆነ ጡሩምባ ሠራ። ስልኩን ጠባቡ አፍ ላይ አስቀምጦ ሰፊው ውስጥ ጭንቅላቱን ከተተ። ጩኸቱ ጨመረ፣ ቆርቆሮው አብሮ ተንጫጫ፣ ቃሉ ግን አልመጣም። ጭንቅላቱን ጡሩምባ ውስጥ እንደከተተ ብዙ ቆየ፤ አለቀሰም።

ጎረቤትን ስሙልኝ እንዳይል፣ የሚስት ቃል ነው፣ የባልና ሚስት ምስጢር አለበት። ደግሞም ለምን ራስህ አትሰማውም ቢሉትስ? ስለዚህ ጥፋቱን ስልኩ ላይ አሳበበ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ስልኬ ተበላሽቷል እያለ መንገድ ዳር ባለች አንዲት የመስታወት ሱቅ ውስጥ የምትሠራ ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ሄደ።

ጠጋኟ አጉሊ መነጽር ያደረገች ወጣት ናት። ስልኩን ገልብጣ የስፒከሩን ቀዳዳ ስታይ ሳቀች። በስፒከሩ ውስጥ ማግኔት አለ፤ የብረት ቤቱን ብናኝ ሁሉ ስቦ ጢም አብቅሏል። አንገቷን እንደደፋች፣ አባባ ብረት ቤት ነው እንዴ የሚሠሩት ብላ ጠየቀችው። መልስ የለም። ደግማ ጠየቀች። መልስ የለም። ምን ያለው ኩሩ ሽማግሌ ነው ብላ ሥራዋን ቀጠለች። በብሩሽ ጠራረገች፣ በፕላስተር እያጣበቀች ብናኙን ለቀመችው፣ ከዚያ የስልኩን ጥሪ አስጮኸችው። መንገደኛ ዞረ። እሱ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ነበርና መንቀጥቀጡ ክንዱ ድረስ ገባው። ሰውነቱ በደስታ ሞቀ። ፈጥኖ የሚስቱን መልእክት አወጣና ሰጣት፤ «ድምፁን ጨምሪልኝ» አላት።

ተጫነችው። እሱ የሚያየው የልጅቷን እጅ ነው። ብሩሹን የያዘው እጅ ቆመ። ጥቂት ሰከንድ እንደሄደ መልእክቱን ራሷ ዘጋችውና መነጽሯን አውልቃ ቀና አለች። አሁን አፏ ታየው። «አባባ፣ ስልኩ ደህና ነው» አለችው ቀስ ብላ። «ይሄ የቤተሰብ ነገር ነው። የሚሰማልዎት የራስዎ ሰው የለም?»

አለው እንጂ። ሁለት ፌርማታ ርቀት ላይ ልጁ አለች። አንደኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ፊደል የምታስቆጥረው «አፌን እዩ» እያለች ነው። በእሷና በእሱ መካከል ግን አራት ዓመት ሙሉ ቅዝቃዜ ገብቷል። እሱ የሚያውቀው እንዲህ ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ከመሬት ላይ ተደፍቶ በጠመኔ ላሜራ ሲለካ ቆይቶ ቀና ቢል፣ የልጁ ጀርባ ከግቢው በር ሲወጣ አየ። መጥታ ሰላም እንኳ ሳትለው ሄደች። በሳምንቱ ልታገባ መሆኑን ከእናቷ አፍ ሰማ። ለኔ ለአባቷ መንገር እንዴት ከበዳት ብሎ ውስጡ ቆሰለ። ሠርጓ ላይ እንደ ተጠራ እንግዳ ቁጭ ብሎ ተመለሰ።

የሷ ደግሞ ሌላ ነው። የዚያን ቀን ከኋላው ቆማ ነበር። መዶሻም ፍሌክስም ዝም ባሉበት ሰዓት፣ እየፈራች፣ አባዬ ላገባ ነው ትመርቀኛለህ አለችው። ዝም። ደገመች። ዝም። ሦስተኛ ጊዜ አለችው፤ ጠመኔውን አነሣና ሌላ መስመር አሰመረ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ ብላ እያለቀሰች ወጣች። እናት ሁለቱንም ሰማች፣ ሁለቱንም አወቀች፤ ግን ለልጇ እንዳትነግር ምላለች፣ ለሱ እንዳትነግር ደግሞ ጆሮህ ከልጅህ ለየህ ማለት ሆነባት። ሆድ ይፍጀው ብላ በሁለቱ መካከል ስትንገበገብ ኖረች።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ሰውዬው ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ የልጁን በር አንኳኳ። ከፈተችለት፣ ደነገጠች፣ ፊቷን አዙራ እየመራችው ወደ ውስጥ ስትገባ አንድ ነገር አለች፤ ምን እንዳለች አላወቀም። ጠረጴዛው ላይ የሚታረሙ ደብተሮች ተከምረዋል። ስልኩን ደብተሮቹ ላይ አስቀመጠና የናፈቀው ነገር ሁሉ አፉ ውስጥ ተጠቅጥቆ «ድምፁን ጨምሪልኝ» ብቻ አላት። ድምፁን መመጠን አይችልምና እንደ ቁጣ ወጣ።

አንስታ አየችው። አቀርቅራ፣ ድምፁ ሙሉ ነው አለች። እሱም ያንኑ ደገመ። አራት ዓመት ሳይመጣ ቆይቶ ለስልክ ቁልፍ መጣ ወይ ብላ ፊቷ ሲለዋወጥ አየና ፈጠን ብሎ «የእናትሽ ነው» አላት። «ቃሉ አልያዝ አለኝ። አንቺ ስሚና ንገሪኝ።»

ወንበሩን ስቦ ከፊቷ ተቀመጠ፤ የመስኮቱ ብርሃን እሷ ፊት ላይ እንዲያርፍ አድርጎ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ለተማሪዎቿ እንደ ለመደችው አፏን ከፈት አድርጋ የእናቷን ቃል ትከተል ጀመር።

«ይሄን እንደማትሰማው አውቃለሁ። ሴቶቹ ተኝተዋል፣ ድምፄን ከፍ ማድረግ አልችልም። ብጮህም ላንተ ያው ነው። ግትር ነህና መጀመሪያ ስልኩን ታስጠግናለህ። ሲያቅትህ ወደ ልጅህ ትሄዳለህ፤ ሌላ ማን አለህ። ለባዳ አልናገርም ብዬ ምዬልህ ነበር። አሁንም ለባዳ አልተናገርኩም።»

እዚህ ላይ የልጅቷ አፍ ቆመ። ምን አለች ብሎ ጠየቀ። እጇን አንሥታ ጠብቀኝ አለችው። እሱ ያልሰማው፣ እሷ ብቻ የሰማችው ይሄ ነው። ልጄ፣ አባትሽ ጆሮው ከጠፋ ቆየ። የዚያን ቀን አልናቀሽም፤ አልሰማሽም። ከኋላው አታናግሪው። ትከሻውን ንኪው፣ ከፊቱ ቁሚ፣ ብርሃን ፊትሽ ላይ ይሁን፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ። እንዳትጮሂበት፤ ሲጮሁበት ይከፋዋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሞቴ አይደለም፤ ማን ከፊቱ ይቆምለታል የሚለው ነው።

ስልኩን አስቀመጠች። ተነሥታ ጠረጴዛውን ዞረችና ትከሻውን ነካችው። ሰባት ሳምንት ሙሉ ማንም እንደዚያ አልነካውም፤ ደንግጦ ቀና አለ። ከፊቱ ቆማ ወደ መስኮቱ ዞረች። አፏ የእናቷ አፍ ነው፤ ስትናገር የታችኛው ከንፈሯ ወደ ግራ ትንሽ ጋደል ይላል። እስከዛሬ አላስተዋለውም ነበር፤ ከተኳረፉ ወዲህ መቼ ፊቷን አይቶ ያውቃል።

«አባዬ፣ ላገባ ነው። ትመርቀኛለህ?»

ግራ ገባው። «አግብተሻል እኮ» አላት።

«ያን ጊዜ ብዬህ ነበር። ከኋላህ ቆሜ። ሦስቴ።»

ጠመኔውን አስታወሰ፣ ከግቢው በር ስትወጣ ያየውን ጀርባዋን አስታወሰ። አሥራ አምስት ዓመት ከአፉ ያላወጣትን ቃል ያን ቀን አወጣት። «አልሰማሁሽም ልጄ» አለ። «አልሰማም።» ከዚያ ሁለት እጇን ይዞ መረቃት። ያን የማይመጠን ድምፁን ለቀቀው፤ ምርቃቱን ግቢው በሙሉ ሰማ፤ ጎረቤት ምን ተፈጠረ ብሎ በመስኮት ብቅ አለ። አራት ዓመት የዘገየ ምርቃት በሹክሹክታ አይሆንም።

ሲጨርስ ስልኩን አንሥቶ የስፒከሩን ቀዳዳ መዳፉ ላይ ደፋው። የፍሌክስ ዲስክ መላላቱን የሚያውቀው በመዳፉ ነው፤ የሠላሳ አራት ዓመት ልምድ ነው። «ድምፁን ጨምሪልኝ» አላት እንደገና። ሙሉ መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም ቁልፉን ተጫነችለት፣ መልእክቱንም ከመጀመሪያው አስጀመረችው። መዳፉ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ጉንዳን የሄደበት ያህል። ሚስቱ መዳፉ ውስጥ ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች፣ ትቀጥላለች። እሱ ዐይኑን ከልጁ አፍ አልነቀለም።

«ይሄን እንደማትሰማው አውቃለሁ» አለች ልጁ።

«ሰማሁሽ» አለ።