አባ ያስተካከለው ቀን

ባለፈው ሳምንት አዲስ የተቀጠረ ልጅ ላፕቶፑን አቅፎ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና «ሰሚራ፣ ይሄ ፕሮግራም ኢንስቶል ይሆናል ግን አልከፈትም ይላል፤ ሦስቴ አጥፍቼ ሦስቴ ጫንኩት» አለኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ የስህተቱን መልእክት ከማንበቤ በፊት ዓይኔን ወደ ስክሪኑ ታችኛው ቀኝ ጥግ፣ ሰዓቱና ቀኑ ወደሚታይበት ቦታ ላክሁ። ቀኑ ትክክል ነበር። የጎደለው ሌላ ፋይል ሆኖ ተገኘና እሱን ጭኜለት ነገሩ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ልጁ ግን አላለፈኝም፤ «መጀመሪያ ሰዓቱን ያየሽው ምሳ ደርሶብሽ ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። የሥራ ባልደረቦቼም ይችን አመሌን ያውቋታል፤ ስንት ዓመት የሰው ኮምፒውተር ስጠግን ኖሬ ለአንዳቸውም ምክንያቱን ተናግሬ አላውቅም። ልጁ ከሄደ በኋላ ከላፕቶፑ ማራገቢያ የወጣው የጋለ አቧራ ሽታ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ያ ሽታ እኔን ሁልጊዜ የሚወስደኝ ወደ አንድ ቦታ ነው።

ሱቃችን ከአዲሱ ገበያ ወደ ቀጨኔ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ብትን ጨርቅ፣ ክርና ቁልፍ የምንሸጥባት፣ ከኋላዋ መኖሪያ ቤታችን የተለጠፈባት ጠባብ ሱቅ ነበረች። አባቴን ሰፈሩ «ጋሽ ሙሄ» ይለዋል፤ እኛ አባ እንለዋለን። በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ በጨርቅ ንግድ ያረጀ፣ ሜትሩን እንደ ከዘራ በብብቱ ይዞ የሚውል፣ የተጣመመ ነገር ሲያይ እጁ የማያርፍለት ሰው ነበር። የተንጋደደ የግድግዳ ሥዕል በሰው ቤት ሳይቀር ያቃናል፤ የጎረቤት ልጅ ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎ ካለፈ ጠርቶ ይፈታና ደግሞ ይቆልፍለታል። ከባንኮኒው በላይ የሰቀላት ሰዓት አንድ ደቂቃ ስታ አታውቅም፤ ሥራ የሚሄደው ሁሉ በሱቃችን ደጅ ሲያልፍ አንገቱን ሰገግ አድርጎ የእጁን ሰዓት ከእሷ ያስተካክል ነበር። አባ በዚህ ይኮራል፤ ኩራቱን ደግሞ መደበቅ አይችልበትም።

እህቴ ዘይነብ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ዘይኑ ነው የምንላት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ አላስገባት ሲል የጽሕፈት ትምህርት ተማረች፤ ምን መማር ብቻ፣ ጣቶቿ ወደ ሌላ ነገር ተለወጡ እንጂ! ወደ ደንበኛው ፊት እያየች፣ እያወራች፣ አንዳንዴም እየሳቀች ትጽፍና አንድ ፊደል አትስትም። አባ ያገለገለ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ገዝቶ በሱቁ ጥግ፣ ከፖፕሊን ጥቅሎቹ ሥር አስቀመጠላት። እማ ደግሞ ማሽኑን አቧራ እንዳይበላው ዳንቴል ሠራችለት፤ ያ ነጭ ዳንቴል ሲገፈፍና ማሽኑ ሲበራ፣ የጋለው አቧራ ካልታጠበ ጨርቅ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሱቁን ይሞላው ነበር። ሰው ማመልከቻ፣ ውል፣ የሥራ መጠየቂያ ሊያስጽፍ ይመጣል። ማንበብ ለማይችሉ አረጋውያን ዘይኑ የጻፈችውን ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች፤ እነሱም የገዛ ችግራቸው በዚያ በሚያምር አማርኛ ሲነገር ሰምተው እንባቸው ይመጣል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር መልሴ ዘይኑን ነበር።

ያ ጥግ ለእሷ ከእንጀራም በላይ ነበር። ደሴ ላለ አንድ የእህል ነጋዴ፣ የሩቅ ዘመዳችን ለሆነ ሰው፣ ሽማግሌዎች ሊጠይቋት መጥተው አባ «ልጄ ሥራ ላይ ናት» ብሎ በክብር መልሷቸዋል። ለእሷም በእኛ ፊት «ሥራሽ እስካለ ድረስ አብሽሪ፤ ሥራው ከቆመ ግን ሁለተኛ የምመልስበት አፍ የለኝም» ብሏታል። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዘይኑ ግን አታውቀውም፣ ደሴንም አታውቃትም፣ የምታውቀው ያቺን ጥግ ነው። በጸሎቷ መጨረሻ ማሽኑን ጠብቅልኝ ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ስቄባትም ነበር።

ረመዳን በጥቅምት የገባበት ዓመት ነበር። አንዲት አሮጊት ለቀበሌ ያስጻፉትን ማመልከቻ ይዘው፣ ያን አቀበት እያለከለኩ ተመልሰው መጡ። ማሽኑ ከደብዳቤው ራስ ላይ ቀኑን በራሱ ነበር የሚያስቀምጠው፤ የሚያስቀምጠውም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የቀበሌው ጸሐፊ «እማማ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ይምጡ» ብሎ ቀልዶባቸው ኖሯል። አባ ፊቱ ደም መሰለ። ከሱ ሱቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰዓት ከሚያስተካክልባት ሱቅ፣ ቀኑ የተሳሳተ ወረቀት ወጣ ማለት ነው! አሮጊቷን አስቀምጦ ውሃ አጠጣቸውና (የእሳቸው ጾም አልነበረም) ሜትሩን በብብቱ እንደያዘ ማሽኑ ፊት ቆመ። ዘይኑ ስክሪኑ ጥግ ያለችው ሰዓት ላይ ሁለቴ ስትጫን አይቷት ያውቃል፤ እሱም ተጫነ። ዓመቱን የእኛን አደረገው፤ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነውና ወሩን ሁለት አደረገ፤ ሰዓቱንም አልማረው፣ የጠዋቱን ሦስት ሰዓት ዘጠኝ ይል የነበረውን ማሽን ሦስት አስባለው። «እንግዲህ ሰው ሆነ» አለ። ሁላችንም እሰይ አልን፤ ዘይኑ እጁን ሳመችው። የአሮጊቷ ማመልከቻ በእኛ ቀን ታትሞ ወጣ።

ፕሮግራሙ ያን ቀን ክፍት ስለነበር እስኪመሽ ሠራ። በማግስቱ ጠዋት ስትከፍተው እምቢ አለ። የአማርኛ መጻፊያው በፈቃድ የሚሠራ ነው፤ ፈቃዱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ውስጡ ተጽፏል፤ በዚህ ማሽን ሂሳብ ግን ያ መጀመሪያ ቀን ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል። ይህን ዛሬ ነው እንዲህ ቁጭ ብዬ የማወራው። ያኔ ያየነው በእንግሊዝኛ «የፈቃዱ ጊዜ ልክ አይደለም» የሚል ትንሽ ሳጥንና አንድ እሺ የሚባልበት ቁልፍ ነበር። ዘይኑ ትናንትና ቦታ ሞላብኝ ብላ የማታውቃቸውን ጥቂት ፋይሎች አጥፍታ ነበርና፣ እዚያው እንደቆመች ቀዘቀዘች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። ከዚያች ደቂቃ ወዲያ ሌላ ምክንያት የፈለገ ሰው የለም።

ዳዊትን ጠራነው። የቀጨኔ ልጅ ነው፤ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናቸው መዘምር፣ በሰፈሩ ደግሞ «ኢንጂነር» የሚባል፤ ዚፕ ያለው የሲዲ ቦርሳውን አንግቦ፣ የመዘምራኑን ወረቀት ዘይኑ ስለምትጽፍላቸው በነጻ ሊሠራልን መጣ። ሪስታርት አደረገ። ፕሮግራሙን አጥፍቶ ጫነ። «ምን ነካካችሁ?» ሲለን ዘይኑ ጥፋቷን ተናዘዘች፤ አባ ሜትሩን ይዞ አጠገባቸው ቆሞ ነበር፣ ምንም አላለም። ደብቆ አይደለም፤ ወላሂ አይደለም፤ እሱ ማሽን አልነካም፣ ቀን ነው ያስተካከለው። ዳዊት ፎርማት አደረገው፤ ዊንዶውሱን ከነሥሩ ነቅሎ አዲስ ተከለ፤ ያችው ሳጥን ብቅ አለች። ሦስት ቀን ተመላለሰ። በሦስተኛው ቀን ስክሪኑ ጥግ ላይ አየና «ውይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ ልምምድ አለብኝ» ብሎ ተነሣ። ሰዓቱን ያነበበው ከዚያው ከማሽኑ ነው! ማሽኑ ትክክለኛውን የእኛን ሰዓት ነገረው፣ ቀኑም በግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ጋር አንድ ነበር፣ ምን ብሎ ይጠርጥር? «ሲዲው ፎርጅድ ነው፣ ጌታ ያውቃል ሌላ እፈልጋለሁ» ብሎን ሄደ። ፕሮግራሙን የሸጠልን ሰውዬ ቢሮውን ዘግቶ ጠፍቷል። ደንበኞቹ እየመጡ፣ እየተመለሱ፣ በመጨረሻ አዲሱ ገበያ ወዳለ ሌላ ቤት መሄድ ለመዱ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከዙህር ሶላት በኋላ ተመልሰው መጡ። አባ ወደ ጥጉ አየ፤ ከዚያ ወደ ዘይኑ አየ። እሷ «እሺ አባ» አለች። ዳንቴሉን አልብሳው ወደ ጓዳ ገባች። አባም ቃል ሰጠ፤ ኒካሁ፣ የጋብቻው ውል፣ ከዒድ በኋላ እንዲሆን ተቀጠረ።

ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ ቀን ዘይኑና እማ ለሠርግ ልብስ መርካቶ ሄደዋል። አባ ከማሽኑ ላይ ዳንቴሉን ገልጦ ያያል፤ ለምን እንዳበራው እንኳ አላውቅም፣ አንዳንድ ቀን ዝም ብሎ ያበራው ነበር። «ሰሚራ፣ ነይ እስቲ፣ ይሄ ነገር ይቸኩላል፤ ኅዳር ገባ ብሏል» አለኝ። ተቀምጬ ወደ ጥቅምት ልመልሰው ወሩን ሁለት አደረግሁ፤ ሃያ ዘጠኝን ፈለግሁ፣ የለም። ሠላሳም የለም። ቀኖቹ ሃያ ስምንት ላይ ያልቃሉ። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ የኮምፒውተር አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ ሁልጊዜ በፈረንጅ ቀን ነው የሚጽፈው፤ ሃያ ስምንት ቀን ያለው ወር የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ለምን እንዳደረግሁት እንጃ፣ የዚያን ቀን ጠዋት ሰሌዳ ላይ ያየሁትን ቀን ከነዓመቱ አስገባሁና ፕሮግራሙን ሁለቴ ተጫንኩት። ተከፈተ። ያ ነጭ ገጽ ከነአማርኛ ፊደሉ ፊታችን ተዘረጋ።

ጮህኩ መሰለኝ። አባ ግን አልጮኸም። «ቀኑ ነው?» አለኝ።

«አዎ አባ፣ ቀኑ ነው።»

የዘይኑ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ደንበኛ ገብቶ የፖፕሊን ዋጋ ጠየቀ፣ አልመለሰለትም፣ ደንበኛው ወጣ። አባን እንደዚያ አይቼው አላውቅም፤ ሜትሩን ከጉልበቱ ላይ አጋድሞ ቁጥሮቹን በጣቱ ይዳስሳል። «ቃል ሰጥቻለሁ» አለ። ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅሁም። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በዚያ ሰው በማይቆጣበት ድምፁ «ቀኑን መልሺው፤ ለእህትሽም አትንገሪያት፣ ልቧ ሁለት ይሆንባታል» አለኝ።

መለስኩት። በእነዚህ ጣቶቼ ዓመቱን ወደ እኛ፣ ወሩን ወደ ሦስት አደረግሁና ፕሮግራሙን ስጫነው ያችው ሳጥን መጣች፤ እሺ የሚለውንም ተጫንኩ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እንዲህ ስል ምክንያት እያቀረብኩ እንዳይመስል፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ «ዘይኑ ትወቅ» ብሎ መንገድ ላይ ሮጦ መጮህ ይችላል። እኔ አልጮኽኩም። ከመርካቶ ሲመለሱ የገዙትን ልብስ ዘርግተው አሳዩኝ፤ እኔም ያምራል አልኩ።

ሠርጉ አማረ። ዘይኑ ደሴ ሄደች፤ አራት ወለደች፤ ባሏ እስከ ዛሬ ድምፁን ከፍ አድርጎባት አያውቅም። ይህን ሁሉ ሲሉኝ አልክድም፤ ግን እኔ ያቺን ሰው ፊት እያየች የምትጽፈውን ልጅ ነው የማውቃት፣ እሷ ደግሞ ደሴ አልደረሰችም። እህቴ ከዚያ ወዲህ ማሽን የሚባል ነገር አትነካም። ስልኳ ላይ መልእክት እንኳ የሚጽፉላት ልጆቿ ናቸው፤ «እኔ የነካሁት ይበላሻል» ትላለች፣ እየሳቀች ነው የምትለው፣ ልጆቿም ይስቃሉ። ኮምፒውተሩን አባ ለማንም ሳይሸጥ እዚያው ጥግ አቆየው። እኔ ኮምፒውተር ልማር ስል ክፍያዬን ከሱቁ አውጥቶ የሰጠኝ እሱ ነው፤ ስለ ቀኑ ዳግም አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁበትም፤ ሁለታችን ብቻችንን ስንሆን ግን ሬዲዮ ይከፍት ነበር።

አባ ዘንድሮ ሞተ። ዘይኑ ለሐዘኑ መጥታ ሰንብታ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ሱቁን ባዶ ስናደርግ፣ ጨርቅ እያጠፍን፣ ድንገት ነገርኳት። ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበረ፣ ያጠፋቻቸው ፋይሎች ከነገሩ ጋር ምንም እንደማያገናኛቸው፣ ቀኑ እንደሆነ፣ ቀኑ ብቻ። የያዘችውን ጨርቅ ጫፍ አልለቀቀችም። ጣቶቿን አየች፤ ደጋግማ አየቻቸው።

«አንቺ መቼ አወቅሽ?» አለችኝ።

«ኮሌጅ ገብቼ» አልኳት።

ጨርቁን አጥፋ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቄ አንገቴን ደፍቼ ነበር።

«አባስ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም» አልኳት። «ምንም ሳያውቅ ነው የሞተው።»

«አልሀምዱሊላህ» አለች ዘይኑ፤ ከመጣች ጀምሮ ያላለቀሰችው እህቴ፣ እፎይ ብላ ማልቀስ ጀመረች።